እቁቧ እሑድ ወጣላት፣ ቅዳሜ ባዶ እጇን ነበረች፤ የሰፈራችን ሴቶች ቁጠባ በምን መልክ ይጀመር?

የሽሮ ሜዳ ልጅ
እሑድ ማታ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት፤ ትንሽ ስለሚረዝም ታገሡኝ።

ተወልጄ ያደግሁት ሽሮ ሜዳ ነው፤ አሁንም እዚያው ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። በግቢያችንና ከአጥሩ ማዶ ያሉ 14 ሴቶች እሑድ እሑድ እቁብ ይጥላሉ። አምስቱ ከእንጦጦ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክመው የሚያወርዱ ናቸው። ሦስቱ ለሸማኔዎች ጥጥ ይፈትላሉ፤ አራቱ ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ ይቸረችራሉ፤ ሁለቱ እንጀራ ጋግረው ለምግብ ቤት ያስረክባሉ። በሳምንት 200 ብር ይጥላሉ፤ ዕጣ የወጣላት 2,800 ብር ትወስዳለች።

በሦስተኛው ሳምንት ዕጣው ለአንዷ እንጨት ተሸካሚ ወጣ። ዕድሜዋ ከሃምሳ አልፏል። ገመዱ ትከሻዋ ላይ የሠራውን ጠባሳ ነጠላዋ ሲንሸራተት አይቼዋለሁ። ያን ብር ለኤሌክትሪክ ምጣድ ቀብድ ልትከፍልበት፣ የቀረውን ደግሞ በየወሩ ልትጨርስ ከሻጩ ጋር ተነጋግራ ነበር። እንጦጦን የምትሰናበተው በዚያ ምጣድ ነበር። ረቡዕ ሌሊት የልጅ ልጇ ትንፋሽ አጠረው። ታክሲ፣ ካርድ፣ ምርመራ፣ መድኃኒት፣ ደግሞ ሌላ መድኃኒት። ቅዳሜ እጇ ላይ የቀረው 140 ብር ነበር። ልጁ ተመስገን ድኗል።

ዛሬ እሑድ 200 ብሯን መሐረቧ ጫፍ ላይ ቋጥራ መጣች። ከየት እንዳመጣችው ማንም አልጠየቃትም፤ እሷም አልተናገረችም። ገና 10 ሳምንት ትከፍላለች።

እቁቡ ካበቃ በኋላ ቡና ስንጠጣ ሴቶቹ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ፊደል የቆጠርሽ ነሽ፤ ደብተር ያዢልንና ከእቁቡ ሌላ አንድ ነገር እንጀምር» አሉኝ። እኔ የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ፤ የገንዘብ ትምህርት የለኝም። ባንክ ይሻላል? ሣጥን ይሻላል? ማኅበር ሆኖ መመዝገብ? ሴቶቹ አምነውኛል፤ የሌላ ሰው ገንዘብ መሆኑ ደግሞ ያስፈራኛል።

ገንዘብ ያዥ
እሑድ ማታ

እህቴ፣ ለ19 ዓመት የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የገንዘብ ቁጠባና ብድር ማኅበር ሒሳብ ይዣለሁ። ፍርሃትሽ ደግ ፍርሃት ነው፤ እንዳይለቅሽ።

በመጀመሪያ እቁቡን አታፍርሱት። ድሃ አይቆጥብም የሚሉ ሰዎች አንድ እሑድ መጥተው እነዚያን 14 ሴቶች ቢያዩ ኖሮ ቃላቸውን ይመልሱ ነበር። እቁብ ቀድሞ ለወጣለት ያለ ወለድ ብድር፣ ዘግይቶ ለወጣለት ደግሞ የግዴታ ቁጠባ ነው። ይህን ያህል በቀላሉ የሚሠራ ነገር ባንክም አላመጣልንም።

ችግሩ ዕጣው ቀኑን አያውቅም። ምጣድ ለመግዛት የታሰበ ብርና ለሕመም የሚወጣ ብር አንድ መሐረብ ውስጥ ከተቋጠሩ ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ሕመም ነው፤ ማሸነፍም አለበት፣ ልጅ ነውና። እድራችንን ተመልከቱ፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ ሁሉ ለሞት የተዘጋጀ ነው። የሞተ በክብር ይቀበራል፤ የታመመ ግን ዕቃውን ይሸጣል።

ስለዚህ ሁለት ቋት ይኑራችሁ። አንደኛው ለሕመምና ለድንገተኛ ነገር ብቻ፣ አነስተኛ፣ ከሁሉም እኩል የሚዋጣ። ሁለተኛው የእያንዳንዷ ቁጠባ፣ በስሟ የተጻፈ። ከአንዱ ወደ ሌላው ብር አይዘዋወርም። ይህን በጽሑፍ አድርጊው፤ ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ በየሳምንቱ ጮክ ብለሽ ንገሪያቸው።

ሌላው ነገር አንቺ ከማንኛችንም በላይ የምታውቂው ነው። ከ14ቱ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆኑት ስንት ናቸው? መድኑ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ብዙ ሰው ተጠራጥሮት ነበር። በዓመት አንድ ጊዜ ይከፈላል፤ መክፈል የማይችሉት ተለይተው መንግሥት የሚሸፍንላቸው አሠራርም አለ። ያቺ ሴት መድን ቢኖራት ኖሮ አብዛኛው ብሯ በእጇ በቀረ ነበር ብዬ አምናለሁ። የቁጠባችሁን የመጀመሪያ ሥራ ይህን ክፍያ ማሟላት አድርጉት።

ዳሞት
ሰኞ ጠዋት

ገንዘብ ያዥ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፤ ግን አንድ ትልቅ ነገር ዘለሉ። ብር በብርነቱ ከተቀመጠ ይቀልጣል። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ አሳደገ። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ግሽበቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዚያ ዓመት 10,000 ብር ያስቀመጠ ሰው ከነወለዱ 10,700 ብር ይኖረዋል፤ ቀድሞ በ10,000 ይገዛ የነበረው ዕቃ ግን 13,000 ብር አልፏል። ቆጥቦ ደኸየ ማለት ነው። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ የሆነውንም ሁላችንም እናስታውሳለን።

እኛ ገጠር ያደግን ሰዎች በግ እንገዛለን። እናቴ ከዶሮ ወደ በግ፣ ከበግ ወደ ጊደር እያሻገረች ነው እኔን ያስተማረችኝ። የትምህርት ቤት ጊዜ ሲደርስ አንድ ሙክት ለገበያ ይወጣል። በጉ ይበላል፣ ይወልዳል፣ ዋጋው ከገበያው ጋር አብሮ ይወጣል።

የጉለሌዋ
ሰኞ ጠዋት

ወንድሜ ዳሞት፣ ሽሮ ሜዳ ላይ በግ የት ይታሰራል? እነዚያ ሴቶች የሚኖሩት ሦስት በሦስት በሆነች ክፍል ነው። ደግሞ በግም ይሞታል።

ዳሞት
ሰኞ ቀትር

እውነትሽን ነው እህቴ፤ በግ ግዙ ለማለት ፈልጌ አይደለም። ያየሁትን ልንገራችሁና ተረዱኝ። በአንድ ክረምት ሦስት በጎቻችን በአንድ ሳምንት አልቀው እናቴ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ ሳትናገር ዋለች፤ ስለዚህ የምትዪውን አውቀዋለሁ። የምለው፣ ቁጠባው መሄጃ ይኑረው ነው። ለከተማ ሴት በግዋ ምጣዷ ናት፣ የልብስ ስፌት መኪናዋ ናት፣ በጅምላ ተገዝቶ የሚቸረቸር ከረጢት ሽንኩርት ነው። ብሩ ለዓመታት እንዲተኛ ሳይሆን እስኪሞላ ድረስ ብቻ እንዲቀመጥ።

አመቻች ከአዳማ
ሰኞ ማታ

የቁጠባ ቡድኖችን በማደራጀት ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ ልጨምር። እዚህ አገር ውስጥ ከእቁብና ከእድር ቀጥሎ ሁለት ዓይነት ቡድኖች በስፋት ተለምደዋል።

አንደኛው ራስ አገዝ ቡድን የምንለው ነው። ሐሳቡ ከሕንድ የመጣ ሲሆን በእኛ አገር በ1994 ዓ.ም. አካባቢ እዚሁ አዳማ በአምስት ቡድን ተጀመረ። ከ15 እስከ 20 ሰው ሆነው በየሳምንቱ በጣም ትንሽ ብር ያዋጣሉ፣ ከዚያው ይበዳደራሉ፣ ገንዘቡን አይከፋፈሉትም፤ ቡድኑ ለዓመታት ይቀጥላል። ሁለተኛው የመንደር ቁጠባና ብድር ማኅበር ነው፤ መነሻው ኒጀር፣ ማራዲ የሚባል አካባቢ፣ በ1991 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር። ይህኛው ሣጥን አለው፤ ሣጥኑ ሦስት ቁልፍ፣ ቁልፎቹ በሦስት ሴቶች እጅ፣ ሣጥኑ ራሱ በአራተኛዋ ቤት። በየስብሰባው እያንዳንዷ ከአንድ እስከ አምስት አክሲዮን፣ ማለትም የቁጠባ ድርሻ፣ ትገዛለች፤ በደብተሯ ላይ ለእያንዳንዱ አክሲዮን ማኅተም ይመታላታል። ዓመት ሊሞላ ሲል ሁሉም ተቆጥሮ እንደየድርሻው ይከፋፈላሉና እንደገና ይጀምራሉ።

ለእናንተ ሁለተኛው ይቀላል ብዬ አስባለሁ። ማኅተሙን ማንበብ የማትችል ሴት ትቆጥረዋለች። በጣቷ እየነካች «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ስትል ያየሁት አንድ ሙሉ የሥልጠና መጽሐፍ ካስተማረኝ በላይ አስተምሮኛል። መከፋፈሉ ደግሞ የዳሞትን ሥጋት ይቀንሳል፤ ብሩ ዓመት ሳይሞላው ወደ ዕቃ ይለወጣል። ቀኑን በግርግሩ ወቅት አታድርጉት፤ መስከረም ላይ የተማሪ ወጪ፣ ፋሲካ ላይ በግና ቅቤ አለ። ምጣድ ለመግዛት የሚመች ጸጥ ያለ ወር ምረጡ።

ብድር ለመጀመር አትቸኩሉ። ቢያንስ ሦስት ወር ቆጥቡ። ያበደራችሁ ቀን ጠባያችሁ ይለወጣል፤ ጎረቤትን «መልሺ» ማለት ከባድ ነው። በቡድን ዋስትና ከአንድ ተቋም ተበድረው አንዷ ስትጠፋ አራቱ የእሷን የከፈሉ ሴቶች አውቃለሁ፤ ዛሬም በአንድ መንገድ አያልፉም።

ከሚሴ
ማክሰኞ

አሰላሙ አለይኩም። ጥያቄዬ ለአመቻች ነው። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ቡድን ሲቋቋም ብዙ እህቶች ወጥተው ቀርተዋል፤ ለብድሩ ወለድ ስለሚታሰብ። ድሃ ስለሆንን ሃይማኖታችንን አንሸጥም። ሽሮ ሜዳም ከ14ቱ ሙስሊም እንደማይጠፋ እገምታለሁ። ለእነሱ ምን ትላላችሁ?

አመቻች ከአዳማ
ማክሰኞ

ወአለይኩሙ ሰላም እህቴ። ሁለት ነገር ሲሠራ አይቻለሁ። አንደኛው ብድሩን ያለ ምንም ጭማሪ ማድረግ ነው፤ ትርፉ ይቀራል፣ ቡድኑ ግን ይኖራል። ሁለተኛው በገንዘብ ፈንታ ዕቃ ነው። ቡድኑ ራሱ አንድ ኩንታል ጤፍ ወይም ጀሪካን ዘይት በጅምላ ይገዛል፤ ለአባሏ በታወቀ ትርፍ በዱቤ ይሸጥላታል፤ ዋጋው አስቀድሞ ተነግሯታል፣ ብትዘገይም አይጨምርም። ወለድ አልባ ባንኮቹም የሚሠሩት በዚህ ዓይነት መንገድ ነው። የሰፈራችሁን ሼህ ጠይቁ፤ በግልጽ ተነጋግረው የገቡበት ነገር አያጨቃጭቅም። ከመጀመሪያው ስብሰባ በፊት ይህን መጠየቅ ግዴታ ነው፤ በኋላ ከሆነ የሚወጡት ዝም ብለው ነው የሚወጡት።

ከቤሩት የተመለስኩ
ማክሰኞ ሌሊት

ይህን ያህል ስትወያዩ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ ስምንት ዓመት ቤሩት የሰው ቤት ሠርቻለሁ። በየወሩ ለራሴ የስልክ ካርድ ብቻ አስቀርቼ ሁሉንም ላክሁ። የባንክ ደብተሩ በወንድሜ ስም ነበር፤ «ስትመጪ ቤት ሠርተን እንጠብቅሻለን» ይሉኝ ነበር። ስመለስ ቤት አለ፤ የተሠራው ግን በወንድሜ ይዞታ ላይ ነው፣ የሚኖርበትም እሱና ሚስቱ ናቸው። ሌባ አልለውም። እናቴን አስታሟል፣ ታናሽ እህቴን አስተምሯል። የእኔ የሚባል ግን አንድ ወረቀት የለም። ሳሎን ፍራሽ ዘርግተውልኝ የተኛሁበትን የመጀመሪያ ሌሊት አልረሳውም፤ ቆርቆሮውን እያየሁ ስንተኛው ወር ደመወዜ እንደሆነ እቆጥር ነበር።

ስለዚህ እህቴ፣ ሣጥንም ይሁን ባንክ፣ በመጀመሪያ «በማን ስም ነው» ብለሽ ጠይቂ። እያንዳንዷ ሴት የራሷ መታወቂያ፣ የራሷ ደብተር፣ የራሷ ፊርማ ይኑራት፤ ፊርማ ካልቻለች አሻራዋ። በአንቺም ስም እንዳይሆን፤ ደግ ብትሆኚም። ምጣዱ ሲገዛም ደረሰኙ በእሷ ስም ይውጣ።

ዳሞት
ረቡዕ ጠዋት

እህቴ፣ አንብቤ ልቤ ተነካ። በእኛ በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ደብተር ሲሰጥ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ አብሮ ተለጥፏል። እናቴ ያን ደብተር በጨርቅ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ታስቀምጣለች። አባቴ ሲሞት የአጎቶቼ ሙግት የቆመው በዚያች ፎቶግራፍ ነው። የምትዪው ትክክል ነው።

ቨርጂኒያ
ረቡዕ ማታ

ከአሜሪካ ነው የምጽፈው። እዚህ ስደተኛ ሆኜ ስመጣ የጠቀመኝን ልንገራችሁ። ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው ሲቆጥብ ተዛማጅ ገንዘብ የሚጨመርበት አሠራር አለ። ሐሳቡን በሰፊው ያራመዱት በሴንት ሉዊስ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ማይክል ሼራደን ናቸው፤ ድሃን ለዕለት ወጪው ብቻ መደጎም አይበቃም፣ ሀብት እንዲይዝም መታገዝ አለበት የሚል ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 ሕግ ሆኖ የፌዴራል በጀት ተመደበለት፤ በጀቱ ከጊዜ በኋላ ቆሟል። ለስደተኞች በተዘጋጀው በኩል አንድ ዶላር ሳስቀምጥ አንድ ዶላር ተጨመረልኝ፣ እስከ 2,000 ዶላር ድረስ። ገንዘቡ የሚወጣው ለተፈቀደ ነገር ብቻ ነው፤ ለቤት፣ ለትምህርት፣ ለንግድ፣ ለሥራ መሄጃ መኪና። ታክሲ የጀመርኩባት መኪና ከዚያ ወጣች።

እኔና ሦስት ጓደኞቼ ለእነዚህ 14 ሴቶች እንዲሁ ለማድረግ ዝግጁ ነን። ባስቀመጡት ልክ እንጨምራለን።

አመቻች ከአዳማ
ረቡዕ ማታ

ወንድሜ፣ ልብዎ የተባረከ ነው። ግን እባክዎ አሁን አይላኩ። በጀማሪ ቡድን ውስጥ የውጭ ገንዘብ ሲገባ ሴቶቹ ለገንዘቡ ይሰበሰባሉ፤ ሲቆም ቡድኑም ይቆማል። እኔ ራሴ በቅን ልብ እንዲህ አድርጌ ሁለት ቡድን በትኛለሁ። የራሳቸውን ላብ ያህል የሚጠብቁት ገንዘብ የለም። ዓመት ይሙላቸውና የመጀመሪያውን ክፍፍል ያድርጉ፤ ከዚያ ምጣድ ለምትገዛው ግማሹን ይጨምሩ።

ቨርጂኒያ
ሐሙስ

በከፊል አልስማማም። ያቺ እናት ዓመት ሙሉ እንጨት ትሸከም ማለት ነው? እኔን የረዳኝ ገንዘብ «ቆይ» አላለኝም። ቢሆንም ከእናንተ ጋር ያለው ልምድ ይበልጣልና እጠብቃለሁ። የጤና መድኑን ዓመታዊ ክፍያ ግን ለጎደላቸው እንድንከፍል ፍቀዱልን፤ እሱ ቡድን አይበትንም።

የ97 ተመዝጋቢ
ሐሙስ ማታ

አንድ የሽማግሌ ቃል። በ1997 ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቤ በ2005 ዳግም ተመዘገብሁ። በ20/80ው ከቤቱ ዋጋ ሃያ በመቶውን ቆጣቢው ይከፍላል፣ ሰማንያ በመቶው በባንክ ብድር ነው። ደመወዜ ሳይደርሰኝ ከምንጩ እንዲቆረጥ አስደረግሁ፤ ያላየሁትን ብር አልናፈቅሁትም። ዕጣው ወጣልኝ፤ ቁልፉን ተቀብዬ ግን አልገባሁበትም። የብድሩን ወርኃዊ ክፍያ ስለማልችለው አከራይቼው እኔ በአሮጌዋ የቀበሌ ቤት አለሁ። የተከራዩ ብር በቀጥታ ወደ ባንኩ ይሄዳል። ልጆቼ ይወርሱታል፤ ስለዚህ አልተቆጨሁም። ልጄ ሆይ፣ ለሴቶቹ ምጣድ ስታስቡ የመብራቱንም ክፍያ፣ የአከራዩንም ፈቃድ አብራችሁ አስቡ። ንብረት ሲመጣ ወጪውን ይዞ ነው የሚመጣው።

የሽሮ ሜዳ ልጅ
ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ማታ

እናንተን ምን ብዬ እንደማመሰግን አላውቅም። አባባ የ97 ተመዝጋቢ፣ የአከራዩን ነገር ባያነሡ ኖሮ እንሳሳት ነበር፤ የሦስቱ አከራይ ምጣድ አይፈቅድም፣ ቆጣሪው አንድ ነው።

የሆነውን ልንገራችሁ። ሁለት እሑድ ተነጋገርን። እቁቡን አልነካነውም፤ መሃል ላይ ቢቀነስ ገና ያልወጣላቸው ይጎዳሉ። ከእቁቡ ጎን 30 ብር ጀመርን፤ 10 ለሕመም፣ 20 ለቁጠባ። የሕመሙ ቋት በሳምንት 140 ብር ይገባዋል። እቁቡ ዙሩን ሲጨርስ የሚቀጥለው 150 ብር ሆኖ ቁጠባው ወደ 70 ከፍ ይላል፤ የሕመሙ 10 እንዳለ ይቀጥላል። ሣጥኑን ከምናለሽ ተራ በሦስት ማጠፊያ አሠራነው። አንዱ ቁልፍ በአንዷ ጥጥ ፈታይ፣ አንዱ በጉልት ነጋዴ እጅ ነው። ሦስተኛውን ለዚያችው እንጨት ተሸካሚ ሰጧት። «እኔ ድሃ ነኝ፣ ለሌላ ስጡ» አለች። ማንም አልሰማትም። መቀነቷ ላይ አሰረችው።

ሁለት ሙስሊም እህቶች አሉ፤ ጠየቅኋቸው። ብድሩ ያለ ጭማሪ እንዲሆን ሁሉም ተስማምቷል። ከ14ቱ ስምንቱ ጤና መድን የላቸውም። ካርድ ክፍል ተቀምጬ ጎረቤቶቼን አለመጠየቄ አሳፍሮኛል፤ ቨርጂኒያ ወንድማችን፣ ለዚህ ቃልህን ተቀብለናል፣ በውስጥ መልእክት እጽፍልሃለሁ።

አሁን ለገንዘብ ያዥ አንድ ጥያቄ አለኝ። ከእንጀራ ጋጋሪዎቹ አንዷ ባለፈው እሑድ ድንገት ተነሥታ «ማክሰኞና ዓርብ ምጣዴ ባዶ ነው» አለች። ስለዚህ ያቺ እንጨት ተሸካሚ በእነዚያ ሁለት ቀናት በእሷ ምጣድ እየጋገረች ነው፤ ዱቄቱ የራሷ፣ ለመብራቱ በቀን 40 ብር ለባለምጣዷ ትሰጣለች። የእቁብ ዕዳዋ ስምንት ሳምንት ቀርቷል፤ እስኪያልቅ 10 ብሩን ብቻ እንድታዋጣ ተፈቅዶላታል። የ20 ብር ማኅተሟን ባዶ ልተወው ወይስ እንደ ዕዳ ልጻፈው? ደግሞ የምጣዱ 40 ብር በደብተሬ ይግባ?

ገንዘብ ያዥ
እሑድ ማታ

ባዶ ተዪው። ያልቆጠበችው ዕዳ አይደለም፤ ሲመቻት ትጀምራለች። ዕዳ ተብሎ ከተጻፈ ደብተሩን ማየት ትፈራለች። የምጣዱ 40 ብር የሁለቱ ጉዳይ ነው፤ በቡድኑ ደብተር አታስገቢው። ለእሷ ግን ትንሽ ደብተር ግዢላትና የማክሰኞና የዓርብ ሽያጯን ለብቻው ጻፊላት፤ ስንት እንጀራ ጋገረች፣ ስንት ተሸጠ፣ ዱቄቱ ስንት ፈጀ። ምጣድ ለመግዛት ወደ ሻጩ ስትመለሱ ያን ደብተር ይዛችሁ ሂዱ።

የሽሮ ሜዳ ልጅ
እሑድ ማታ

የመጀመሪያው ዓርብ 38 እንጀራ ነበር። ሁለቱ ተቀደዱ፤ እኛው በላናቸው። 36 ተሸጠ። ነገ ደብተሩን እገዛለሁ።